ታሽጓል

ባሌ አለማየሁ ቃል ሲመርጥ ትልቁን ነው የሚመርጠው። "ዝናብ ሊመጣ ነው" እንደማለት "የአየር ጠባዩ አስጊ ነው" የሚል ሰው ነው። የቢሮ ሰው ነዋ። ዕድሜውን ሙሉ ደብዳቤ ሲያረቅ ኖሮ ቤት ሲገባም የሚያወራው ደብዳቤ ነው። ስንጋባ ይሄ ነገሩ ያስቀኝ ነበር። አሁን ግን አንዲት ቃሉ አንጀቴ ውስጥ ተሰንቅራ ቀርታለች፤ የምነግራችሁ እሷን ነው።

እኔ ወሰንየለሽ እባላለሁ፤ ጂንካ ተወልጄ ጂንካ ያደግሁ። ከነሪ ወንዝ ወዲህ መንገድ ዳር ያለው ላቫጆ የኔ ነው። ቤታችንም እዚያው ግቢ ውስጥ፣ መኪና ከምናጥብበት የቆርቆሮ ጥላ ጀርባ ነው። የአስጎብኚ መኪኖች ከኦሞራቴና ከኮልቾ አቧራ ለብሰው ይመጣሉ፣ ከኔ ግቢ ሲወጡ ባለቤቱ እንኳ ይጠራጠራቸዋል። አፏ ስለታም ነው ይሉኛል፤ ይበሉ። ሾፌር ከነጭቃ ጫማው አሁን ያጠብኩት ምንጣፍ ላይ ሲወጣ እያየሁ ዝም የምል ሰው አይደለሁም።

መኪናችን አሮጌ ራቭፎር ናት፣ ጥቁር ሰማያዊ። አለማየሁ እሷን ለመግዛት ስንት ነገር እንዳማረው እንደቀረ የማውቀው እኔ ነኝ። ከገዛት በኋላ ሌላ ሰው ሆነ። ልጆች አቧራዋ ላይ በጣታቸው ሲሞነጫጭሩ ካየ ምሳ አይወርድለትም። ግን ክፉ ሰው አይደለም፣ ይሄን ከአሁኑ ያዙልኝ። ሰፈር ውስጥ ሰው ታመመ ሲባል ቁልፉን ይዞ ቀድሞ የሚነሳው እሱ ነው።

ዳርጌ ደግሞ ጎረቤታችን ነው፤ ጎረቤት ከምለው ወንድሜ ብለው ይቀለኛል። ከወንዙ ማዶ ዳገቱ ላይ እንሰትና ቡና ያለው የአሪ ሰው ነው፤ አባቱና አባቴ ወዳጆች ነበሩ። አማርኛ የተማረው ጎልምሶ፣ ጸሎት ቤት ውስጥ መጽሐፍ ቅዱስ እያነበበ ነው። ሲናገር አንዳንዴ፣ በተለይ ሲደነግጥ፣ "እሱ" እና "እሷ" ይምታቱበታል፤ በዚህ ስቀልድበት እሱም አብሮኝ ይስቃል። ሲያነብ ግን አንድ ቃል አይዘልም። የተጻፈ ነገር ለዳርጌ ቀልድ የለውም፤ ወረቀት ላይ ከሰፈረ እውነት ነው፣ አለቀ።

ሚስቱ ኢየሩሳሌም ከአንዴም ሁለቴ አርግዛ ወርዶባታል። የአሁኑ ግን ገፋላት። ሐኪሞቹ ምጥ ሲጀምራት ቤት ውስጥ እንዳትቆይ፣ በቶሎ እንድትመጣ አጥብቀው ነግረዋታል። የነዳርጌ ዳገት ደግሞ ዝናብ ከመታው ባጃጅ አያስወጣም፤ የኛ ራቭፎር ግን ትወጣዋለች። እንግዲህ ነገሩ እዚሁ በረንዳችን ላይ ተቆረጠ። እኔና ኢየሩሳሌም እየሰማን አለማየሁ ለዳርጌ፣ ቀንም ይሁን ሌሊት ቁልፉ ምስማሩ ላይ ነው፣ መጥተህ ማንኳኳት ብቻ ነው አለው። ዳርጌ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። ከዚያ ወዲህ ኢየሩሳሌም መንገድ ላይ ባገኘችኝ ቁጥር ሆዷን ደገፍ አድርጋ፣ "እትዬ ወሰን፣ መኪናችን ደህና ናት?" ትለኝ ነበር። መኪናችን ትላለች፤ እኔም ስትለኝ ደስ ይለኛል።

ሚያዝያ ሲገባ የአለማየሁ ታናሽ ወንድም ከአዲስ አበባ አንድ ጠርሙስ ላከለት። ለመኪና ቀለም የሚቀባ ፖሊመር ነው። አለማየሁ ስልኩ ላይ ቪዲዮ ሲያይ ሰነበተና ያስተምረኝ ጀመር። ዋክስ የሚሉት ሰም የድሮ ነው፣ የኛ አገር ፀሐይ አቅልጦ ይጨርሰዋል፤ ይሄ ግን ቀለሙ ላይ ተጣብቆ ስስ ሽፋን ይሠራል፣ ውሃ አይቆምበትም፣ አቧራም አይነክሰውም አለኝ። በራሳችን መኪና ሞክረን ከያዘልን ለአስጎብኚዎቹም በላቫጆው ልንሠራላቸው ተስማማን። ሐሳቡን እኔም ወድጄው ነበር፤ ውሸት ምን ያደርግልኛል።

ዓርብ ሙሉውን ቀን ስንሠራ ዋልን። መጀመሪያ ደህና አድርገን አጠብናት። ታጥባም ቀለሟን በመዳፍ ሲዳብሱት ለዓይን የማይታይ ሻካራ ነገር አለው፤ የሬንጅና የዛፍ ሙጫ ቅሪት ነው። እሱን እንደ ሊጥ በሚለጠጥ ማጽጃ እያሸን አወጣነው፣ ከዚያ በአልኮል ወለወልናት። ፖሊመሩ ፀሐይ ላይ አይቀባም፤ ብረቱ ከሞቀ ያለ ጊዜው ይደርቅና ጠባሳ ይተዋል። ስለዚህ ጥላው ሥር አስገብተን አለማየሁ በስፖንጅ ጠብ ጠብ እያደረገ፣ አንዱን በር ሳይጨርስ ሌላው ጋ ሳይሄድ፣ ስስ አድርጎ ቀባት። ላይዋ ጭጋግ ለበሰ። እኔ በለስላሳ ጨርቅ እየተከተልኩ ጭጋጉን አነሳሁላት። ሲያልቅ ፊቴን ኮፈኑ ላይ አየሁት፤ ሽበቴ ሳይቀር ይቆጠራል። አለማየሁ እንደ ሙሽራ ዙሪያዋን እየዞረ አያት።

ጣጣው መድረቁ ላይ ነው። ላዩ የደረቀ ቢመስልም እስኪጠና ድረስ እስከ እሑድ ጠዋት ውሃ ጠብ ሊልባት፣ ጣት ሊያርፍባት አይገባም። የሚያዝያን ሰማይ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ግቢያችን ላቫጆ ነው፣ ሰው ይገባል ይወጣል። አለማየሁ በጥላው ምሰሶዎች ዙሪያ ቢጫ ገመድ ወጠረ። ከዚያ ቤት ገብቶ በቀይ ማርከር ሲጽፍ ቆየና ወረቀቱን አምጥቶ የፊት መስታወቱ ላይ ለጠፈ። እንዲህ ይላል፦

"ይህ ተሽከርካሪ ታሽጓል። መንካትም ሆነ ማንቀሳቀስ በጥብቅ የተከለከለ ነው።"

ምን ማለትህ ነው ብዬ ጠየቅሁት። ጠርሙሱን አዙሮ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን አሳየኝና፣ ይሄ ቃል ማሸጊያ ማለት ነው፣ ስለዚህ የተቀባ መኪና ታሽጓል ነው የሚባለው አለኝ። በትርጉሙ ኮርቷል። እንደ ሰው ሁሉ "ቀለም ነው፣ አትንኩ" ብትል ምን ይጎድልብሃል ስለው፣ እሱማ ለአጥር ነው አለ። ከሥሩ ቀንና ፊርማውን ሳይቀር አስቀምጧል። ማኅተም ብቻ ነው የቀረህ ብዬ ስቄበት ወደ ራቴ ገባሁ።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ሚኒባስ ይዤ ዲመካ ወረድኩ። የገበያ ቀን ነው፤ ለኢየሩሳሌም የአራስ ገንፎ ቅቤና ማር ልገዛላት ነበር። የሐመር ሴቶች ያመጡት ቅቤ እንዴት ያለ ቅቤ መሰላችሁ። ስንመለስ ግን ሰማዩ ተቀደደና ወንዝ ሞልቶ መንገድ ላይ አደርን። ስልኬም ኔትወርክ የለውም። የዚያን ቀን ጂንካ ውስጥ የሆነውን የማውቀው ኋላ ከዳርጌና ከአለማየሁ፣ ከባጃጅ ሾፌሩ ከአሕመድም አፍ ለቃቅሜ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኢየሩሳሌምን ምጥ ጀመራት። ዳርጌ ለጎረቤት ሴቶች አደራ ብሎ ዳገቱን በሩጫ ወረደ፣ ወንዙን ተሻገረ፣ ግቢያችን ገባ። አለማየሁ ቤት ነበር። ኳስ እያየ ነበር፤ የቴሌቪዥኑ ድምፅ እስከ በር ይሰማል። ቁልፉ ምስማሩ ላይ ነበር። ነዳጅም ነበራት። ዳርጌ በራችን ጋ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ገመዱን አየ። ቀጥሎ ወረቀቱን አየ። ከነላቡ ቆሞ አንድ ቃል ሳይዘል አነበበው።

ይሄ ቃል እኛ ዘንድ የት እንደሚጻፍ የማያውቅ አለ? ሱቅ በር ላይ ነው የሚጻፈው። ግብር ያልከፈለ፣ ፈቃድ ያላሳደሰ፣ ክስ ያለበት ሰው በሩ ላይ ይሄው ቃል ይለጠፍበታል፤ ያን ሰሞን ያ ሰው አንገቱን ደፍቶ ነው የሚሄደው። ጨዋ ሰው ደግሞ በሩ ፊት ቆሞ ወረቀቱን አያነብም፣ እንዳላየ ሆኖ ያልፋል። ዳርጌም ያሰበው ይሄንኑ ነው። መንግሥት መኪናቸውን አሽጎባቸዋል፣ እነሱም ቤት ዘግተው ተቀምጠዋል ብሎ አሰበ። አሁን አንኳኩቼ መኪና ብል፣ የለም ለማለት ያፍራሉ፤ እሺ ብለው ቢያንቀሳቅሷት ደግሞ በኔ ምክንያት ይታሰራሉ አለ። እና ሳያንኳኳ፣ እንዳያዩትም ጥግ ጥጉን ይዞ ወጣ።

መንገድ ላይ አሕመድን አገኘው። አሕመድ እምቢ ማለት የማይችል ልጅ ነው፤ ባጃጁን ይዞ ተከተለው። ዳገቱ ሥር ሲደርሱ ጭቃው ዋጣትና ቀጥ አለች። ዳርጌ በእግሩ ወጣ፣ ኢየሩሳሌምን በቃሬዛ አድርገው በዝናብ አወረዷት፣ ባጃጇን ገፍተው አወጡ። ሆስፒታል ሲደርሱ መሽቷል። ሐኪሞቹ የሚቻላቸውን ሁሉ አደረጉ። እሷ ተረፈች። ልጁ ወንድ ነበር፤ አልተረፈም።

እሑድ ረፋድ ላይ ቅቤዬን አቅፌ ግቢ ስገባ አለማየሁ ወረቀቱን ልጦ፣ ገመዱን ጠቅልሎ፣ መኪናዋ ላይ ውሃ እየረጨ ያያል። ውሃው ኮፈኑ ላይ እየተንከባለለ መሬት ይወርዳል፣ አንድ ጠብታ አይቀርም። "ያዘ እኮ፣ ነይ እዪው" አለኝ። ሁለታችንም ምንም አልሰማንም። መርዶውን ያመጣችልን ከጸሎት ቤት የተመለሰችው ጎረቤታችን ከበቡሽ ናት።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ የመጣብኝ እንባ አይደለም፣ ንዴት ነው። በዳርጌ ላይ ቆሽቴ አረረ። ስንት ቃል ተገብቶለት፣ መኪናዋ ግቢ ቆማ፣ ሚስቱን በባጃጅ ይጭናል? ምን አድርገነዋል? ንቆን ነው? ቅቤዬን እንደያዝኩ ዳገቱን ወጣሁ። እያለቀስኩ ሳይሆን እየተበሳጨሁ ነው የወጣሁት።

ዳርጌ ደጁ ላይ ከጸሎት ቤት ሰዎች ጋር ተቀምጧል። ሲያየኝ ተነስቶ መጣና እጄን በሁለት እጁ ያዘኝ። እኔ አንድም ቃል ሳልተነፍስ እሱ "አይዞሽ እህቴ" አለኝ። ልጁ የሞተበት እሱ፣ አይዞሽ የሚለኝ እሱ። ለጋሽ አለማየሁም አይዞህ በይልኝ፣ ዛሬ በጉባኤ ጸልየንላችኋል አለኝ። ሐዘን አምታቶበት ነው ብዬ ተውኩት። ኢየሩሳሌም ሆስፒታል ናት፣ ገና አልወጣችም። ንዴቴ ውሃ ሆነብኝና ቅቤውን ለሴቶቹ ሰጥቼ ተመለስኩ።

ቤት ገብቼ ለአለማየሁ ስነግረው፣ ቀድሞ የገባው እሱ ነው። ከተቀመጠበት ተነሳ፣ መልሶ ተቀመጠ። ከዚያ የተጨማደደውን ወረቀት ከቆሻሻው ውስጥ አውጥቶ ጉልበቱ ላይ ዘረጋው። ሁለታችንም አየነው።

ከዚያ በኋላ ያልኩትን ሁሉ እዚህ አልደግመውም። ትልልቅ ቃላትህን ይዘህ ገደል ግባ ብያለሁ፣ ከዚያም የባሰ ብያለሁ። አልቅሼ ሲወጣልኝ፣ ሄደህ ትነግረዋለህ አልኩት። ነግሬው ምን ይጠቅመዋል አለኝ፤ እግዚአብሔር ያመጣው ነው ብሎ ተቀብሏል፣ ሰው ያመጣው ነው ብዬ ልጨምርበት? እኔ ደግሞ፣ ሳታውቅ ያጠፋኸውን አውቀህ ትደብቀዋለህ ወይ አልኩት። በተከታዮቹ ቀናት ኮቱን ለብሶ እስከ ወንዙ ይሄድና ይመለሳል። እንቅልፍም ራትም ከቤታችን ወጣ። መኪናዋ ጥላው ሥር ታብረቀርቃለች፤ ዝናቡ ሲያባራ እንኳ አቧራ አይነካትም።

እሱ ሳይሄድ ዳርጌ መጣ።

በቅል ማር ይዞ ነው የመጣው። በረንዳው ላይ አስቀመጠልንና ቆቡን አወለቀ። አለማየሁ ብድግ ብሎ ወንበር ሰጠው። ዳርጌ ሊቀመጥ ሲል መኪናዋን አያት፤ ገመድ የላት፣ ወረቀት የላት። ሰሞኑን ጠውልጎ የነበረው ፊቱ በራ።

"ፈቱላችሁ እንዴ?" አለ።

አለማየሁ ወደ እኔ አየ፣ መልሶ ወደ መሬት አየ። "አዎ፣ እ... ተፈታች" አለ። ዳርጌ እጁን ወደ ላይ አንስቶ ጌታን አመሰገነ። ከልቡ ነው ያመሰገነው። ኢየሩሳሌም ትናንት ከሆስፒታል እንደወጣች፣ ማሩን ውሰድላቸው ያለችው እሷ እንደሆነች፣ በኛ ላይ የደረሰው ሲያስጨንቃት እንደከረመ ነገረን። አልቻልኩም። ያንን ማር አይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም።

"ማንም አላሸጋትም፣ ዳርጌ" አልኩት።

ነገርኩት። ቅባት ነው፣ ለቀለሙ የሚቀባ፣ እንዳይነካ ብሎ ነው የጻፈው፣ ቃሉን ከጠርሙሱ ላይ ገልብጦ ነው አልኩት። ጠርሙሱንም ከመደርደሪያ አውርጄ አሳየሁት። አንድ ጊዜ ስነግረው የገባው አልመሰለኝም። ተነስቶ ወደ መኪናዋ ሄደና መዳፉን ኮፈኑ ላይ አሳረፈ፤ ቀስ አድርጎ ዳበሰው።

"ይሄ ነው የታሸገው?"

"እሱ ነው" አለ አለማየሁ።

"ሞተሩስ?"

"ሞተሩ ምንም አልሆነም።"

"ታዲያ ያን ቀን ይሄድ ነበር?"

የአለማየሁ ትልልቅ ቃላት ሁሉ የት እንደገቡ እንጃ። "ትሄድ ነበር" አለ። ወንበሩን ይዞ በጉልበቱ ሊንበረከክ ሲል ዳርጌ ክንዱን ይዞ አስቆመው። ይሳደባል፣ ይማታል ብዬ ነበር። ምነው ባደረገው። እሱ ግን የበራችንን ምስማር ፈልጎ አየ፤ ቁልፉ ተንጠልጥሏል።

"ኢየሩሳሌም አንኳኳ ብሎኝ ነበር" አለ፤ እሱና እሷ ተምታተውበት። "ቤት ስደርስ መኪናው ታሽጓል ብዬ ነገርኩ። በምጥ ውስጥ ሆኖ፣ ተመለስና አንኳኳ፣ ወረቀቱን ሳይሆን ሰዎቹን ጠይቅ አለኝ። እኔ ነኝ ሰዎቹን አላሳፍርም ያልኩት።"

አለማየሁ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ያንተ አይደለም፣ እኔ ራሴ መጥቼ እነግራታለሁ አለው። ዳርጌ ራሱን ነቀነቀ። ቆቡን አደረገ፣ ማሩን ወደ እኛ ገፋ አደረገው።

"ለሷ እንዳትነግሩ" አለን። "አሁን የቀረሁላት እኔ ነኝ።"

ዞሮ ሄደ። እስከ ወንዙ ድረስ በዓይኔ ተከተልኩት፤ አንዴም ዘወር አላለም። አለማየሁ የዚያኑ ቀን ጠርሙሱን ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጣለው። የአስጎብኚ ሾፌሮች መኪናዋን እያዩ ምን ቀብታችኋት ነው፣ ለኛም ሥሩልን ይሉኛል። አንሠራም እላቸዋለሁ። ለምን ሲሉ ደግሞ እንዲሁ አልሠራም ብያለሁ እላለሁ፣ በኃይለ ቃል ስለሆነ አይደግሙኝም። ፖሊመሩ ግን አሁንም አልለቀቀም።

ኢየሩሳሌምን ልጠይቅ ቤቷ ስሄድ ሁልጊዜ ሰው ስለማይጠፋ ለብቻችን ሳንገናኝ ቆየን። ባለፈው ወር ግን ከገበያ ስትመለስ ላቫጆው በር ላይ ቆመች። ቀጥናለች፤ ነጠላዋን ሆዷ ላይ አስራለች። ስፖንጄን ጥዬ ሄጄ አቀፍኳት። ብዙ አላወራንም። ስትሄድ በትከሻዬ በኩል ወደ ጥላው ሥር አየችና ፈገግ አለች፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው።

"እትዬ ወሰን፣ መኪናችንን ፈቱልን አይደል?" አለችኝ።

አለማየሁ በረንዳው ላይ ነበር፤ ቀና ብሎ አየኝ።

"ፈቱልን፣ ኢየሩስ" አልኳት።